ስድስተኛውና አሥራ ስድስተኛው

ጄኮብ ዲሼዘር የፐርል ሃርበርን ወሬ የሰማው ድንች ሲልጥ ነው። ቀኑ ዲሴምበር 7 ቀን 1941 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የወጥ ቤት ተረኛ ሆኖ ድንች ክምር ፊት እንደተቀመጠ ጃፓኖች ሃዋይ ላይ የአሜሪካን መርከቦች ማጋየታቸው ተነገረ። በእጁ የነበረውን ድንች ግድግዳው ላይ ፈጠፈጠውና ጃፓኖች ዋጋቸውን ያገኛሉ ብሎ ዛተ። ዕድሜው 29፣ ማዕረጉ ገና አሥር አለቃ፣ ትውልዱ ከኦሪገን ገጠር ነው። በጦር ካምፕ ወጥ ቤት ውስጥ ድንች እየላጠ የዛተ ወታደር በዚያ ቀን እሱ ብቻ አልነበረም። አምስት ወር ሳይሞላው ጃፓን ሰማይ ላይ የደረሰው ግን እሱ ነው።

ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ቶኪዮ በቶሎ እንድትመታ ፈልገው ነበር። መንገዱ ግን አልነበረም። ከየብስ ተነስቶ ጃፓን የሚደርስ አውሮፕላን የለም፤ ከመርከብ የሚነሱት ትንንሾቹ አውሮፕላኖች ደግሞ ሩቅ መብረር ስለማይችሉ መርከቡ እስከ ጃፓን ጉሮሮ ድረስ መጠጋት ሊኖርበት ነው። መላው የተገኘው ቢ-25 የተባለውን ባለ ሁለት ሞተር የየብስ ቦምብ ጣይ መርከብ ላይ በመጫን ነው። ከመርከቡ መነሳት ይችላል፤ ተመልሶ መርከቡ ላይ ማረፍ አይችልም። ስለዚህ አብራሪዎቹ ቦምቡን ጥለው ወደ ቻይና ይቀጥላሉ፤ ወዳጅ በያዘው ምድር ያርፋሉ። ሌተና ኮሎኔል ጄምስ ዱሊትል ሰዎቹን ፍሎሪዳ ወስዶ በአጭር ማኮብኮቢያ መነሳትን አስተማራቸው። አሥራ ስድስት አውሮፕላን፣ በእያንዳንዱ አምስት ሰው፣ በጠቅላላው ሰማንያ። ሁሉም በፈቃዳቸው የመጡ ናቸው። ወዴት እንደሚሄዱ በይፋ የተነገራቸው ግን ሆርኔት የተባለችው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ባሕር ከገባች በኋላ ነው።

ኤፕሪል 18 ቀን 1942 ማለዳ ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። አንዲት የጃፓን ጠባቂ ጀልባ አየቻቸው፤ ከመስጠሟ በፊትም በሬዲዮ ወሬውን አድርሳለች የሚል ስጋት አደረ። ጃፓን ለመድረስ ገና 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራቸዋል። ከታሰበው ሰዓት አሥር ሰዓት ቀድመው፣ ከታሰበው ቦታም ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው እንዲነሱ ታዘዙ። ሌሊት ቦምብ ጥሎ ንጋት ላይ ቻይና መድረስ የነበረው ዕቅድ ተገለበጠና በጠራራ ፀሐይ ቦምብ ጥሎ በጨለማ ቻይና መድረስ ሆነ። የነዳጁ ነገርማ አይነሳ።

ባሕሩ ይናወጣል፤ የመርከቡ አፍንጫ ከፍ ዝቅ ይላል። ዱሊትል 2 ሰዓት ከ20 ላይ ቀድሞ ተነሳ። ሌሎቹ ተከተሉት። ስድስተኛው የዲን ሆልማርክ ነበር፤ ሆልማርክ ከቴክሳስ የመጣ ግዙፍ ሰው ነው። መጨረሻ የቀረው፣ ቁጥር 16፣ የዊልያም ፋሮው ነው። ቦታ ስለጠበበ የጅራቱ ክፍል ከመርከቡ ጫፍ አልፎ ባሕሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። መርከበኞች ገፍተው ሲያስተካክሉት አንዱ እርጥቡ ወለል አዳለጠውና የሚሽከረከረው የሞተር ምላጭ ክንዱን ቆረጠው። ዲሼዘር በዚህ አውሮፕላን ላይ ቦምብ ጣይ ነበር። ቦታው ከፊት፣ መስታወቱ ውስጥ ነው። ገብቶ ሲቀመጥ መስታወቱ ተቀዶ አገኘው፤ ቀዳዳው ሰው ጭንቅላቱን የሚያሾልክበት ያህላል። ይህን ጊዜ «ቆይ፣ ይጠገን» የሚባልበት ሰዓት አልፏል። አየር ላይ ከወጡ በኋላ ኮት ወትፈው ሊደፍኑት ሞከሩ፤ ነፋሱ እየነጠቀ ጣለው። ቀዳዳው የሚያስገባው ነፋስ አውሮፕላኑን ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ነዳጅ ይበላል። ነዳጅ ደግሞ የዚያን ቀን የነፍስ መስፈሪያ ነበር።

ሆልማርክ ቶኪዮ ውስጥ የብረት ፋብሪካ ደበደበ። ፋሮው ናጎያ ሄደ፤ ዲሼዘር እዚያ የነዳጅ ማጠራቀሚያና የአውሮፕላን ፋብሪካ ላይ ተቀጣጣይ ቦምቡን አራገፈ። በዕለቱ በተመቱት ከተሞች በጠቅላላው 50 ያህል ሰው ሞቷል፤ ከሞቱት ውስጥ ልጆችም ነበሩበት። ጉዳቱ በጦርነት ሚዛን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ ያሉበትን ከተማ ማንም አይነካትም ተብሎ የተማረው ሕዝብና ጦሩ ግን ክፉኛ ደነገጡ፤ የጦሩ ድንጋጤ ደግሞ ቂም ያዘለ ነበር።

አንድ አውሮፕላን ነዳጁ አልበቃው ብሎ ወደ ሶቪየት ኅብረት ዞረ። ሰዎቹ እዚያ ከአንድ ዓመት በላይ ታግተው ኋላ በኢራን በኩል ወጡ። የቀሩት አሥራ አምስቱ ቻይና ሲደርሱ መሽቷል፣ ዝናብና ጭጋግ ነው። ከመሬት መንገድ ያሳያቸዋል የተባለው የሬዲዮ ምልክት የለም፤ ቀድመው እንደሚመጡ የነገረላቸው ሰው አልነበረምና። ገሚሱ በፓራሹት ዘለለ፣ ገሚሱ የባሕር ዳርቻ ላይ ወደቀ። አሥራ ስድስቱም አውሮፕላኖች ከጦሩ እጅ ወጡ። ዱሊትል ራሱ ጦር ፍርድ ቤት የሚያቆሙኝ ነው ብሎ ቆርጦ ነበር። ያገኘው ግን የጄኔራልነት ማዕረግና የሀገሪቱ ከፍተኛው ሜዳይ ነው። አብዛኞቹን የቻይና ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ደበቋቸው፣ ተሸክመው አሻገሯቸው። የሁለቱ አውሮፕላኖች ሰዎች ግን እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠማቸውም።

የሆልማርክ አውሮፕላን ነዳጁ ያለቀው የብስ ሊነካ ደቂቃዎች ሲቀሩት ነው። ማዕበሉ ላይ ወደቀ። ሆልማርክ ከነመቀመጫው በፊት መስታወት በኩል ተወረወረ። ቦምብ ጣዩ ዊልያም ዲተርና መትረየስ ተኳሹ ዶናልድ ፊትዝሞሪስ ክፉኛ ቆስለው ነበርና ባሕሩን ማቋረጥ አልቻሉም። ነግቶ ሦስቱ፣ ሆልማርክ፣ ረዳት አብራሪው ሮበርት ሜደርና መንገድ መሪው ቼስ ኒልሰን፣ ዳርቻው ላይ ሲገናኙ የሁለቱን ሬሳ ማዕበሉ አውጥቶት ነበር። እዚያው ቀበሯቸው። ሦስት ቀን ቆይቶ ጃፓኖች ያዟቸው።

ፋሮው የብስ ለየብስ ገፋ፤ ነዳጁ ሲያልቅ ሁሉም ዘለሉ። የዘለሉበት የናንቻንግ አካባቢ ጃፓን በያዘው ምድር ነበር። ዲሼዘር በጨለማ የወረደው መቃብር ስፍራ ነው፤ የመቃብር ጉብታ ላይ ወድቆ የጎን አጥንቱ ተጎዳ። ጓደኞቹ ይሰሙኛል ብሎ ሽጉጡን ተኮሰ፣ መልስ የለም። ጠዋት መንገድ ይዞ ሲሄድ ወታደሮች አገኘ፤ ቻይናውያን መስለውት ተጠጋ፤ ጃፓኖች ነበሩ። ረዳት አብራሪው ሮበርት ሃይት፣ መንገድ መሪው ጆርጅ ባርና መካኒክም መትረየስ ተኳሽም የነበረው የሃያ ዓመቱ ሃሮልድ ስፓትዝም አላመለጡም፤ ፋሮውም እንዲሁ። ከሁለቱ አውሮፕላኖች በሕይወት የተረፉት ስምንት ሰዎች ተለቅመው በአንድ እጅ ገቡ።

ቶኪዮ ሲደርሱ የተነሳ አንድ ፎቶግራፍ አለ። ሃይት ነው፤ የቆዳ ጃኬቱን እንደለበሰ፣ ዓይኑ በጨርቅ ታስሮ፣ ሁለት ጃፓናውያን ግራና ቀኝ ይዘውት ከአውሮፕላን ያወርዱታል። የጦርነቱን ታሪክ የሚያወሱ ብዙ መጻሕፍት ያወጡታል። ከፎቶው በኋላ የሆነውን ግን ያነሳ ካሜራ የለም። ኬምፔታይ የሚባለው ወታደራዊ ፖሊስ ለሁለት ወር ያህል መረመራቸው፤ ምርመራው ዱላ፣ ውኃ በአፍንጫና በአፍ ማፍሰስ፣ እንቅልፍ መንሳት ነበር። ከየት ተነሳችሁ? መርከቡ የቱ ነው? መጨረሻ ላይ በጃፓንኛ የተጻፈ ወረቀት ቀረበላቸውና ፈረሙ። ምን እንደሚል ማንበብ የሚችል ከመካከላቸው አልነበረም። ኋላ ሲታወቅ ሆን ብለን ሰላማዊ ሰው ላይ ተኩሰናል የሚል የእምነት ቃል ነበር።

እነሱ ቶኪዮ ሲመረመሩ የጃፓን ጦር ቻይና ውስጥ ቂሙን ይወጣ ነበር። ዤጂያንግና ጂያንግሺ በተባሉት ክፍለ ሀገሮች፣ አሜሪካኖቹ በወረዱበትና በተሸሸጉበት መንደር ሁሉ እሳት ለቀቀ። በዚያ ዘመቻ ያለቀው የቻይና ሰላማዊ ሕዝብ እስከ 250,000 ይገመታል። አሜሪካኖች ስለ ዱሊትል ዘመቻ በጻፏቸው ብዙ መጻሕፍት ይህ ቁጥር ብቅ ይላል፤ ብዙ ጊዜ ግን አንድ አንቀጽ አይሞላም። እኔም ከዚህ በላይ እየሰጠሁት እንዳልሆነ ይታወቀኛል። ያን መሥዋዕትነት የከፈሉት ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች ናቸው፤ ስማቸው የተጻፈው ስምንቱ ናቸው።

ጁን ላይ ሻንጋይ አወረዷቸው፤ ብሪጅ ሃውስ የሚባል የኬምፔታይ እስር ቤት። ክፍሉ ጠባብ፣ ሰው የታጨቀበት፣ ቅማልና ትኋን የወረሰው ነው። ሆልማርክን ተቅማጥ ያዘው። ያ ግዙፍ ሰው አጥንቱ ቀረ፤ ጓደኞቹ እንደ ሕፃን ያነሱታል፣ ያስተኙታል።

ኦገስት 13 አንድ ሕግ ወጣ። ሰላማዊ ሰው ላይ ቦምብ የጣለ ወይም የተኮሰ የጠላት አብራሪ በሞት ይቀጣል ይላል። ሕጉ የወጣው ጥፋት የተባለው ነገር ከተፈጸመ አራት ወር ካለፈ በኋላ ነው፤ ወደ ኋላ ሄዶም ይሠራል ተባለ። ኦገስት 28 ስምንቱን አቀረቧቸው። ሆልማርክን በቃሬዛ አምጥተው ወለሉ ላይ አስቀመጡት፤ የት እንዳለም የሚያውቅ አይመስልም። ባር መቆም አቅቶት ወንበር ሰጡት። ችሎቱ በጃፓንኛ ነው፤ ጠበቃ የለም፤ ክሱ አልተተረጎመላቸውም። ያለቀውም ባንድ ጊዜ ነው። ለስምንቱም ሞት ተፈረደ። የተፈረደባቸውን ግን ማንም አልነገራቸውም፤ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ።

ፍርዱ ቶኪዮ ደርሶ ሲመለስ የአምስቱ ሞት ወደ ዕድሜ ልክ ተቀይሮ መጣ። የሦስቱ ጸና፤ ሆልማርክ፣ ፋሮውና ስፓትዝ። ለምን እነዚህ ሦስቱ? ሁለቱ የአውሮፕላኖቹ አዛዦች ናቸው፤ ስፓትዝ ደግሞ በመትረየስ ሰው ፈጅቷል ተባለ። ፊርማው ያለበት የማይነበበው ወረቀት እንደዚያ ይላላ። ይሁንና ናጎያ ላይ ቦምቡን በእጁ የጣለው ዲሼዘር ነው፤ እሱ ተረፈ። ከኋላ የተቀመጠው፣ በእስር ላይ እያለ 21 ዓመት የሞላው መካኒክ ግን ሞት ጸናበት። የወረቀቱን ሒሳብ ያየ ሰው ሎጂክ ይፈልግለታል። እኔ ሳየው ሦስት ሰው የመግደል ፍላጎት ነበር፤ ስሙ የተሞላው ከዚያ በኋላ ነው።

ኦክቶበር 14 ማታ ለሦስቱ ነገ እንደሚሞቱ ተነገራቸው፤ ወረቀትና እርሳስ ተሰጣቸው፣ ለቤተሰብ እንዲጽፉ። ጻፉ። ደብዳቤዎቹ አልተላኩም፤ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ከጃፓን ጦር ፋይል ውስጥ ተገኙ። በማግስቱ ሻንጋይ ዳር ወዳለ መቃብር ስፍራ ወሰዷቸው። ሦስት ዝቅ ያሉ መስቀሎች መሬት ላይ ተተክለዋል። አንበርክከው እጃቸውን ከመስቀሉ ጋር አሰሩት፤ ፊታቸውን በነጭ ጨርቅ ሸፈኑና ግንባራቸው በሚውልበት ቦታ ጥቁር ምልክት አደረጉበት። ተኳሾቹ ብዙም አልራቁም። አንድ ትእዛዝ፣ አንድ ተኩስ። ሬሳቸው ተቃጠለ፣ አመዱ ዕቃ ውስጥ ገባ።

አምስቱ ዕድሜ ልክ መታሰራቸውን ሰሙ። ሦስቱ የት እንደገቡ ጠየቁ፤ የሚመልስላቸው አላገኙም። ሩዝቬልት ከዘማቾቹ የተገደሉ መኖራቸውን ለአሜሪካ ሕዝብ የተናገሩት በ1943 ኤፕሪል ነው። ቤተሰብ ሲያለቅስ እስረኞቹ ገና ጓደኞቻቸውን ይጠብቃሉ።

በዚያው ኤፕሪል ናንጂንግ ወሰዷቸው፤ እያንዳንዱ ለብቻው። ክፍሉ ሰው ተዘርግቶ የሚተኛበትና ጥቂት እርምጃ የሚንቀሳቀስበት ያህል ነው። ምግቡ ሩዝና ቀጭን ሾርባ። በግድግዳ እያንኳኩ ፊደል ሠርተው ያወራሉ፤ ለመታጠብና ለጥቂት ደቂቃ ፀሐይ ሲወጡ ይተያያሉ። ሌላው ጊዜ ዝምታ ነው። ሜደር ሌሎቹን የሚያጽናና ሰው ነበር። ቤሪቤሪና ተቅማጥ ተባበሩበት፤ እግሩ አበጠ፣ ሆዱ ከዳው። ዲሴምበር 1 ቀን 1943 ሞተ። አራቱን በየተራ እያስገቡ ሬሳውን አሳዩአቸው። ከዚያ በኋላ ምግቡ ትንሽ ተሻሻለ፤ ከአምስቱ አንዱ እስኪሞት መጠበቅ ነበረበት ማለት ነው።

ማንበቢያ ነገር ስጡን ብለው ሲወተውቱ ጥቂት የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ገቡ፤ መጽሐፍ ቅዱስም አብሮ። አንድ መጽሐፍ ለአራት ሰው ነውና በማዕረግ ቅደም ተከተል ይዞር ጀመር። ሦስቱ መኮንኖች ናቸው፤ ዲሼዘር መኮንን አይደለም፣ ተራው የደረሰው በመጨረሻ፣ በ1944 ሜይ ነው። ሦስት ሳምንት ተሰጠው። ከጣሪያው ሥር ባለች ጠባብ መስኮት በምትገባ ብርሃን እየተንጠራራ ያነባል፤ ያነበበውን በቃሉ ይይዛል። ጁን ላይ አማኝ ሆንኩ ይላል። በእስር ሁለት ዓመት የተራበ ሰው ምን እንደሚሰማው የማላውቅ እኔ በዚህ ላይ አስተያየት የለኝም። ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ግን ይወራል።

አንድ ቀን ዘበኛው ከፀሐይ ሲመልሰው ገፍቶ አስገባውና በሩን ባዶ እግሩ ላይ ዘጋበት፤ እግሩን ለማስለቀቅ ሲታገል ብረት በተመታበት ጫማው ረገጠለት። የድሮው ዲሼዘር ቢሆን ድንች ፈልጎ ይወረውር ነበር። በማግስቱ ያው ዘበኛ ሲመጣ ዲሼዘር በበሩ ቀዳዳ ጠጋ ብሎ በጃፓንኛ «እንደምን አደርክ» አለው። ዘበኛው ብቻውን መታሰሩ አሳብዶታል ብሎ ሳያስብ አልቀረም። ዲሼዘር በየቀኑ ቀጠለ፤ ያን የተሰባበረ ጃፓንኛውን ይዞ ስለ ቤተሰቡ ይጠይቀዋል። ጥቂት ቀን ቆይቶ ዘበኛው ሳቅ አለ። ከዚያ አንድ ጠዋት በበሩ ቀዳዳ እጁን አስገብቶ አንድ ነገር አቀበለው። የተቀቀለ ስኳር ድንች ነበር።

በ1945 ጁን በባቡር ቤጂንግ ወሰዷቸው። እዚያ የባሰ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ትንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ እንዲያዞሩ ይገደዳሉ። የዲሼዘር ገላ እባጭ በእባጭ ሆነ። ባር አእምሮው መናጋት ጀመረ። ጃፓን እጅ ሰጠች፤ በፓራሹት የወረዱ አሜሪካውያን እስረኞችን ሲሰበስቡ የዱሊትል ሰዎች መኖራቸውን ሰሙ። ኦገስት 20 በሩ ተከፈተ። አርባ ወር ሆኗቸው ነበር።

ሦስቱ አገራቸው ገቡ። ባር ግን ለጉዞ አልበቃም ተብሎ ቀረ፤ ኋላ አሜሪካ ሲደርስ ከሆስፒታል ሆስፒታል ሲዘዋወር ወረቀቱ ጠፋ። ማን እንደሆነ በቅጡ የሚያውቅለት ሰው የለም፣ ዩኒፎርም የለውም፣ የሦስት ዓመት ደሞዙ አልተከፈለውም፤ እሱም ከጃፓን እጅ መውጣቱን አላመነም። ዱሊትል ሰምቶ አዮዋ ድረስ ሄደ። በዚያን ጊዜ ሌተና ጄኔራል ነው። ዩኒፎርም አሰፋለት፣ ደሞዙን አስከፈለው። መርከቡ ላይ ሳሉ ዱሊትል ለሁሉም ቃል ገብቶላቸው ነበር፤ ቻይና ስንገናኝ ድግስ እደግሳለሁ ብሎ። ድግሱ የተደረገው በ1945 ዲሴምበር ማያሚ ነው።

ኒልሰን በ1946 ሻንጋይ ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ ምስክር ሆኖ። ሦስቱ የተገደሉበትን ፍርድ የሰጡና ያስፈጸሙ አራት የጃፓን መኮንኖች ተከሰሱ። ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ናቸው አለ፤ ግን የበላይ ትእዛዝ የፈጸሙ ናቸው ብሎ ሦስቱን አምስት ዓመት፣ አንዱን ዘጠኝ ዓመት አሰራቸው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው ተቆጣ። ለስምንት ሰው ሞት የፈረዱት ዳኞች አስተርጓሚና ጠበቃ አልሰጡም ነበር፤ እነሱ ግን ሁለቱንም አግኝተው ተዳኙ።

ዲሼዘር ሲያትል ኮሌጅ ገብቶ ተማረና በ1948 ዲሴምበር ማለቂያ ላይ ከሚስቱ ጋር ጃፓን ወረደ፤ ሚሲዮናዊ ሆኖ። የእስር ታሪኩ በትንሽ በራሪ ጽሑፍ ታትሞ ይታደል ነበር። አንዷ ቅጂ ሺቡያ ባቡር ጣቢያ ደጃፍ ላይ ሚትሱኦ ፉቺዳ እጅ ገባች። ፉቺዳ ፐርል ሃርበርን የደበደበውን የመጀመሪያ የአውሮፕላን ማዕበል የመራው ሰው ነው፤ ዲሼዘር ድንቹን የፈጠፈጠበትን ወሬ የፈጠረው ሰው ማለት ይቻላል። አንብቦ መጽሐፍ ቅዱስ ገዛ፣ ክርስቲያን ሆነ፤ በ1950 ሁለቱ ተገናኙና አንድ መድረክ ላይ ቆመው ተናገሩ።

በ1959 ዲሼዘር ናጎያ ሄዶ ቤተ ክርስቲያን ተከለ። ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት ከተማይቱን ያያት ነፋስ በሚያፏጭበት በተቀደደ መስታወት በኩል ነበር።